የዘገየ ስንቅ

ሱቃችን የነበረው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ትሪኒዳድ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። ከዋይት ሐውስ በመኪና ሩብ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። በ1991 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከአንድ ኮሪያዊ ሽማግሌ ስንገዛው መስታወቱም አብሮ መጣ። ከባንኮኒው እስከ ጣሪያው የሚደርስ፣ ጥይት የማይበሳው፣ ከብዙ ዓመት ጭረት የተነሳ ደብዘዝ ያለ መስታወት። መሃሉ ላይ የሚሽከረከር ሳጥን ነበረው። ገዢው ገንዘቡን ከትቶ ወደ እኔ ያዞረዋል፤ እኔ ዕቃውንና መልሱን ከትቼ ወደ እሱ አዞረዋለሁ። እጅ ለእጅ ሳንነካካ 21 ዓመት ሠራሁ።

ያንን መስታወት ዛሬ ተነስቼ ላወግዘው አልፈልግም። ሱቁን በገዛንበት ዓመት 600 ሺህ ያህል ሕዝብ በሚኖርባት ከተማ ከ470 በላይ ሰው ተገድሏል። ማታ በር ዘግተን ሒሳብ ስንሠራ ተኩስ ሰምተን መብራት ያጠፋንበት ቀን ጥቂት አይደለም። ግን እዚያ ኋላ ተቀምጬ የሰፈሩን ሰው ጠንቅቄ ያወቅሁ ይመስለኝ ነበር። የማውቀው የሚያጨሰውን ሲጋራ፣ የሚቆርጠውን የሎተሪ ቁጥርና እጁ ላይ ብር የሚገባበትን ቀን ነበር።

ልጁን ቀጮ እለዋለሁ። ስሙ አይደለም፤ እኔና ባለቤቴ ሱቅ ውስጥ በአማርኛ ስናወራ ያወጣንለት ነው። መጀመሪያ ሳውቀው 13 ዓመቱ ነበር። ከአያቱ ጋር ከሱቁ ማዶ በኪራይ ይኖራል። ጠዋት ጠዋት ለአያቱ ወተትና ዳቦ ይገዛል። ፉድ ስታምፕ፣ መንግሥት ለችግረኛ የሚሰጠው የምግብ መግዣ፣ ያን ጊዜ ከጥራዝ የሚቀደድ ወረቀት ነበር፤ ሌላው ጨምድዶ ሲወረውረው እሱ አንድ በአንድ አስተካክሎ ነው ሳጥኑ ውስጥ የሚያስቀምጠው። ጥፍሩ ሁልጊዜ በአጭሩ የተከረከመ ነው። አያቱ ናቸው የሚከረክሙለት። እሳቸው እሑድ እሑድ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ባለቤቴ በመስታወቱ አሻግራ እያየች፣ «ነጠላ ብቻ ነው የቀራቸው» ትል ነበር።

በ1993 መጀመሪያ ላይ ፖሊስ አጎቱን ወሰደው። ቤቱን የሚደጉመው እሱ ነበር። ቀን የቤት ዕቃ ያመላልሳል፤ ማታ ምን እንደሚሸጥ ደግሞ ሰፈሩ ያውቃል። ኪሱ ውስጥ የተገኘው 6 ግራም ክራክ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለዚያ ቢያንስ 5 ዓመት ያዝዛል፤ ዳኛ ቢያዝን እንኳ ዝቅ ሊያደርገው አይችልም። ሕጉ የወጣው በ1986 ነው። ሌን ባያስ የሚባል የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ኮከብ ለቦስተኑ ቡድን በተመረጠ በሁለተኛው ቀን ኮኬይን ገደለው፤ አገሩ ደነገጠ፤ ኮንግረስም በጥቂት ወራት ውስጥ ሕግ አወጣ። በዚያ ሕግ ለመሸጥ 5 ግራም ክራክ የያዘና 500 ግራም የዱቄት ኮኬይን የያዘ እኩል ይቀጣሉ። ክራክ ደግሞ ከዚያው ዱቄት በውሃና በቤኪንግ ሶዳ ተፈልቶ የሚሠራ ነው።

አንድ ማታ ሱቅ ዘግቼ በሚዛኔ ስኳር መዘንኩ። 5 ግራም ማለት ሞላ ያለ የሻይ ማንኪያ ነው። ግማሽ ኪሎውን ከጎኑ አስቀመጥኩና ቁጭ ብዬ አየሁት። አንዱ ለአንድ ስኒ ሻይ የሚሆን፣ ሌላው ለሳምንት ቀለብ የሚበቃ። በክራክ ተከሰው የሚቀርቡት አብዛኞቹ ጥቁሮች እንደነበሩ ዳኛውም፣ ጠበቃውም፣ እኔም እናውቃለን። ያ ሚዛን እስከ 2010 ድረስ አልተነካም፤ ያን ጊዜም አንድ ለመቶ የነበረው አንድ ለ18 ሆነ እንጂ እኩል አልሆነም።

አጎቱ በተወሰደ በወሩ ገደማ ቀጮ ወተቱን ከገዛ በኋላ አልሄድ አለ።

«ሚስተር ኤ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ልጥረግልዎ። ሳጥንም አወርዳለሁ። የፈለጉትን ይክፈሉኝ።»

15 ዓመቱ ነው። ባለቤቴ ከኋላዬ ሆና በአማርኛ «እሺ በለው» አለችኝ። እኔ አሁን ሰው አያስፈልገኝም አልኩት። አመስግኖኝ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ወዳጄ የእኅት ልጅ ከሱዳን መጣ፤ መጥረጊያውን ለእሱ ሰጠሁት። ቀጮ በማግሥቱ ወተት ሊገዛ ሲገባ ያ ልጅ ከእኔ ጎን፣ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሞ ይጠርጋል። ቀጮ አየው፤ እኔንም አየኝ። ምንም አላለም። መልሱን ቆጥሮ ወጣ።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ብጠየቅ ያን ጊዜ መልስ ነበረኝ። እኛ ሐበሾች ቅዳሜ ማታ ስንሰበሰብ «ጥቁሮቹን አትመን» እንባባል ነበር፤ የእኛ ቆዳ ሌላ ቀለም ያለው ይመስል። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው፣ ከዚህም የከፋ ቃል ነበረን፤ እዚህ አልጽፈውም። ለአገሬ ልጅ ሥራ መስጠቴ ነውር አይደለም። ለቀጮ ስከለክለው ግን ስለ እሱ የማውቀው አንድም መጥፎ ነገር አልነበረም።

በኅዳር 1995፣ ማታ 3 ሰዓት ገደማ፣ ሦስት ጥይት ተተኮሰ። መሬት ላይ ተኛን። ጸጥ ሲል ወጣን። ከሱቁ ጥግ፣ ከስልክ እንጨቱ ሥር አንድ ልጅ ወድቋል። እሱንም አውቀዋለሁ። ብርቱካን ሶዳ የሚወድ፣ እናቱ ሆስፒታል የምትሠራ የ18 ዓመት ልጅ ነው። አንድ ጫማው ወልቆ መንገዱ መሃል ቀርቷል። ባለቤቴ ብርድ ሲሆን የምትደርበውን ጋቢ አምጥታ አለበሰችው። ጋቢውን ፖሊስ ለማስረጃ ወሰደው፤ ተመልሶ አልመጣም። እናቱ ስትደርስ ያሰማችውን ድምፅ ለመግለጽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

በማግሥቱ ቀጮን ያዙት። አድርጎታል፤ ይህን ማንም እንዲጠራጠርለት አልፈልግም፤ እሱም አይፈልግም። ለአጎቱ በዱቤ የተሰጠው ዕቃ ሳይከፈል ቀርቶ ዕዳው ወደ ቤት መጥቷል፤ ማስፈራራት ነበር፤ ሽጉጥ ደግሞ በዚያ ዘመን ከመጥረጊያ ይልቅ በቀላሉ ይገኝ ነበር። 17 ዓመቱ ነው። በዚህ ከተማ 16 ዓመት የሞላውን በግድያ የተጠረጠረ ልጅ ዐቃቤ ሕግ ዳኛ ሳያስፈቅድ እንደ ትልቅ ሰው ሊከሰው ይችላል። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ የከተማው ነዋሪ የመረጠው አይደለም፤ ፕሬዚዳንቱ የሚሾመው የፌዴራል ባለሥልጣን ነው። ልጁ ከ30 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። አያቱ ውሳኔው ሲነበብ ቁጥሩ ስላልገባቸው ጎናቸው የነበረችውን ሴት «ስንት አለ?» ብለው ጠየቁ።

በዚያው ሰሞን ቴሌቪዥኑ ስለ እነዚህ ልጆች ሌላ ወሬ አልነበረውም። ጆን ዲዩልዮ የሚባል ምሁር በ1995 የአውሬ ስም አወጣላቸው፤ «ሱፐር ፕሬዳተር» አላቸው። ርኅራኄ ያልፈጠረባቸው ልጆች እንደ ጎርፍ ይመጣሉ ተባለ። አልመጡም፤ የልጆች ወንጀል እየቀነሰ ሄደ። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በልጅነቱ ላጠፋ ሰው ያለ አመክሮ የዕድሜ ልክ እስራትን በግዴታ መፍረድ አይቻልም ብሎ ሲወስን፣ ያው ምሁር ራሱ ትንበያው ስሕተት እንደነበር በሚናገር ጽሑፍ ላይ ፈርሞ ነበር። ቀጮ ያን ጊዜ 17ኛ ዓመቱን ታስሮ ይዟል።

በ1998 አያቱን ይዘን ሎርተን ሄድን። የዲሲ የራሷ እስር ቤት እዚያ ነበር፤ ወደ ደቡብ 20 ማይል ገደማ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ። መሄዱን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። በቀይ ሽብር ጊዜ ወንድሟ ዓለም በቃኝ ታስሮ ነበር፤ ገና ልጅ ሳለች በየሳምንቱ ስንቅ ታመላልስ ነበር። ባዶው ሳህን ታጥቦ ሲመለስ በሕይወት አለ ማለት ነው። ስለዚህ እስረኛ ጥየቃ ባዶ እጅ መሄድ ለእሷ የማይታሰብ ነው። ሌሊት ተነስታ ድፎ ደፋች። በኮባ አይደለም፤ እዚያ ኮባ የለም፤ ብራና በሚመስል የመጋገሪያ ወረቀት ነው። በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ እስከ ሎርተን ጭኗ ላይ ይዛው ሄደች።

በሩ ላይ ጠባቂው ጨርቁን ገለጠ፤ አሸተተው፤ ምግብ አይገባም አለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ «መዓዛው ግን» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ዳቦውን መኪና ውስጥ አስቀምጠን ገባን። ቀጮ ትከሻው ሰፍቷል፤ ስሙ ከእንግዲህ አይገጥመውም። ጥፍሩ ረዝሟል። አያቱ መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው፤ እጁን ይዘው ጥፍሩን በአውራ ጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩ። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናውን፣ ጂኢዲውን፣ ማለፉን ነገራቸው። ኮሌጅ መቀጠል ይፈልጋል፤ ግን ለእስረኛ ይሰጥ የነበረውን የትምህርት ድጎማ ኮንግረስ በ1994 አንስቶት ነበር። ስንመለስ አያቱ መኪና ውስጥ ዳቦውን ቆርሰው በሉ። ባለቤቴ ለልጁ የጋገረችውን አያቱ ሲበሉ እያየች እንባዋ ይወርዳል።

እኛ በአማርኛ ማረሚያ ቤት እንላለን። ሰው የሚታረምበት ማለት ነው። እዚህም ስሙ ከዚያ አይርቅም። ግን ያየሁትን ልናገር። ሎርተን በ2001 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ዲሲ የተፈረደበትን ልጇን የምታስቀምጥበት የራሷ እስር ቤት የላትም፤ በፌዴራሉ መንግሥት እጅ በየግዛቱ ይበተናል። ቀጮ መጀመሪያ ኦሃዮ፣ ከዚያ ኬንታኪ ተራሮች ውስጥ፣ ከዚያ ሌላ ሄደ። አያቱ በአውቶቡስ የሚደርሱበት አንድም አልነበረም። ሥልጠና ሲከፈት ቅድሚያ የሚሰጠው መፈቻው ለቀረበ ሰው ነው፤ እስከ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። ያረመው ማን ነው ብባል፣ በወር ሁለት ጊዜ የምትመጣዋ የአያቱ ደብዳቤ፣ የሕግ መጻሕፍት ክፍል ውስጥ ያገኛቸው ሽማግሌ እስረኞች፣ ከሁሉም በላይ ራሱ ነው እላለሁ። ቤቱ ያቀረበለት ግድግዳውን ነው።

ስለ ልጄም መናገር አለብኝ፤ ሳልናገር ብተወው ይህ ጽሑፍ ውሸት ይሆናል። በ2004 ትልቁ ልጄ 17 ዓመት ሞላው፤ ቀጮ በተያዘበት ዕድሜ ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደ ሜሪላንድ፣ ደህና ትምህርት ቤት ወዳለበት ሰፈር ገብተናል። አንድ ዓርብ ማታ ከጓደኞቹ ጋር መኪና ውስጥ ፖሊስ አስቆማቸው። ስደርስ ልጄ እጁን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቶ ቆሟል። ሐበሻ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። ኪሱ ውስጥ ትንሽ ማሪዋና ተገኝቷል። ጠበቃ ያዝኩለት፤ 3,000 ዶላር ከፈልኩ። ጠበቃው ዳኛው ፊት ሳያደርሰው ለጀማሪ ወጣቶች የምክር ፕሮግራም አስገባው። ስድስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ተማረ፤ ክሱ ተዘጋ፤ ዛሬ ፋርማሲስት ነው። የልጄ ጥፋት ከግድያ ጋር አይነጻጸርም፤ ያንን አላምታታም። ነገር ግን ሰው ሲያጠፋ የሚይዘው እጅ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ለቀጮ አንድም ቀን እንዲህ ያለ እጅ አልተዘረጋለትም፤ ገና ምንም ሳያጠፋ የእኔን እጅ ጠይቆ ነበር።

ሱቃችን ያለበት ሰፈር ደግሞ በ2008 ሰኔ ላይ ኬላ ቆመበት። ግድያ በዛ ተብሎ፣ ወደ ትሪኒዳድ የሚገባ መኪና ሁሉ ቆሞ ለምን እንደመጣ ይጠየቅ ጀመር። ባለሱቅ ነኝ ስል አሳለፉኝ። ከኋላዬ የነበረውን ወጣት መለሱት፤ አክስቱን ሊጠይቅ ነበር የመጣው። በዓመቱ የይግባኝ ፍርድ ቤት ኬላው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። የቀጮ አያት በዚያው ዓመት ክረምቱ ሳያልቅ አረፉ። እሱን ለቀብር አላመጡትም። ሱቁን በ2012 ሸጥነው፤ አዲሱ ባለቤት መጀመሪያ ያነሳው መስታወቱን ነው። ዛሬ የቡና ቤት ነው።

በ2018 መጨረሻ ላይ አንዲት ጠበቃ ስለ ቀጮ ደወለችልኝ። ዲሲ አዲስ ሕግ አውጥታ ነበር። ሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው፤ 18 ዓመት ሳይሞላው ወንጀል ሠርቶ ረጅም ዓመት የታሰረ ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ ቅጣቱ እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ ይችል ነበር። ዳኛው የልጅነት አእምሮውን፣ ያደገበትን ቤት፣ በእስር ያሳየውን ለውጥ፣ የተበዳይንም ቤተሰብ ቃል ይመዝናል። «ልጅ ሳለ የሚያውቁትን ሰዎች ስጠይቀው የጠራልኝ እርስዎንና ባለቤትዎን ነው» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ቆምኩ። መጥረጊያው ነው ትዝ ያለኝ።

ችሎቱ በ2019 ጸደይ ላይ ኢንዲያና ጎዳና ባለው ፍርድ ቤት ነበር። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ የተቀመጠውን ሰው ቆጠርኩ፤ ተከሳሽና የተከሳሽ ወገን ሁሉ ጥቁር ነው። የከተማዋ ጥቁር ሕዝብ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ከከተማዋ ወደ ፌዴራል እስር ቤት የሚላኩት ግን ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ጥቁር ናቸው። ቀጮ 41 ዓመቱ ነው። መነጽር አድርጓል። ለችሎቱ ብለው ወደ ዲሲ እስር ቤት ካመጡት ወዲህ፣ ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶች ለብቻ በሚኖሩበት ክፍል አማካሪ ሆኖ አብሯቸው ይኖር ነበር። ያ ክፍል በ2018 የተጀመረ ነው፤ ረጅም ዓመት የታሰሩት ለታናናሾቹ እንደ ታላቅ ወንድም ይሆናሉ። አንዱ የ19 ዓመት ልጅ የጻፈው ደብዳቤ ተነበበ። ማንበብ ያስተማረው ቀጮ ነው፤ ደብዳቤው ላይ ሦስት ጊዜ የተሰረዘ ቃል እንዳለ ጠበቃዋ ለዳኛው አሳየች።

ዐቃቤ ሕጓ ተቃወመች። የተገደለውን ልጅ ስም ደጋግማ ጠራች፤ መጥራቷ ትክክል ነው። ከዚያ የልጁ እናት ተነሱ። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ይቅር ብዬዋለሁ አላሉም። ሁለቱም ልጆች አንድ ክፍል ሆነው መማራቸውን፣ የቀጮ አያት በየዓመቱ ልጃቸው በሞተበት ቀን በራቸው ላይ አበባ ያስቀምጡ እንደነበር ተናገሩ። «አበባውን አንድም ቀን ወደ ቤት አላስገባሁትም፤ አንድም ቀን ግን አልጣልኩትም» አሉ። ዳኛው የሚፈርደውን ይፍረድ ብለው ተቀመጡ። እኔ ስለ ቀጮ የምስክርነት ቃሌን ስሰጥ ስለ ፉድ ስታምፑ ወረቀት ተናገርኩ፤ ስለ መጥረጊያው ግን አልተናገርኩም።

ውሳኔው ከሁለት ወር በኋላ በጽሑፍ መጣ። እስከዚያ የታሰረው ይበቃዋል፤ 5 ዓመት በክትትል ይቆያል።

ሲፈታ መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ሳምንት ሳምንት ወደ ክትትል ቢሮ መሄድ አለበት። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እኔ አደርስሃለሁ አልኩት። በመጀመሪያው ማክሰኞ ባለቤቴ ድፎ ጋግራ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ጭኑ ላይ አድርጎ ሁለት እጁን ከላይ ጫነበት፤ ገና ትኩስ ነበር። በቀድሞው ሰፈር በኩል ስናልፍ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየ። ፍሎሪዳ ጎዳና ስንደርስ አልቻልኩም።

«ሥራ የጠየቅከኝን ቀን ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ዋሸሁህ። ሰው ያስፈልገኝ ነበር።»

መብራት ይዞን ቆምን። ጥቂት ቆይቶ፣ «ያ የቀጠሩት ልጅ አሁን የት ነው?» አለኝ።

«ቨርጂኒያ። ሦስት ነዳጅ ማደያ አለው።»

«ጥሩ ሠራ» አለ። ከልቡ ነው ያለው። ከዚያ የዳቦውን ጨርቅ ጫፍ እያስተካከለ ቀጠለ፤ «ያን ቀን ወተቱን ሳጥኑ ውስጥ ረስቼው ወጣሁ። ባለቤትዎ በኋላ በር ወጥታ ሮጣ ደረሰችብኝ። እጄን ይዛ ወተቱን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። በአማርኛ የሆነ ነገር አለችኝ፤ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

እኔም አላውቅም ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ጠየቅኋት። እጇን ሊጥ ውስጥ እንዳደረገች ትንሽ አሰበች።

«አይዞህ ነዋ ያልኩት» አለችኝ። «ሌላ ምን እለዋለሁ?»